እንግጫ በካላማዳሪያ የተሻገረበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ ሳንቃ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ባሕሩን በእጃቸው የሚቀዝፉ ሰዎች አሳየችኝ። ማዕበል ሊጋልቡ ነው አለች። እኔ ግን የማየው የአንዱን ልጅ ትከሻ ነበር። እጁን ከሩቅ እየወረወረ ውሃውን ይደበድበዋል። «ይሄ ልጅ ዛሬ ትከሻውን ይዞ ሲያቃስት ነው የሚያድረው» አልኳት። «እማ ደግሞ፣ ባሕር የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ባሕር አላየሁም። ትምህርትም ብዙ አልገፋሁም። መቅዘፍ ግን አክስቴ ትጓደድ አስተምራኛለች።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከሉማሜ ከተማ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ነበር። ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል እኛ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር እንነቅላለን፤ ጎንጉነን በአዲስ ዓመት ጠዋት በአባት በእናታችን ራስ ላይ እናስራለን። ለቤታችን የምትነቅለው ታላቅ እህቴ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ተዳረች። አባቴ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ታሞ ከርሞ ገና ከአልጋ መነሣቱ ነው። «እንግዲህ ዘንድሮ ራሴ ባዶውን ሊቀር ነው» ሲል ሰማሁት። እየሳቀ ነበር ያለው፤ እኔ ግን ከልቤ ገባ። እኔ ካልነቀልኩለት ማን ይነቅልለታል? እንግጫው ያለው ከወንዙ ማዶ ረግረጉ ላይ ነው፤ የምንረግጠውን የመሻገሪያ ድንጋይ ክረምቱ ውጦታል።

አክስቴ ያደገችው ዓባይ በረሃ ነው። ልጅ ሆና በተነፋ ስልቻ ላይ ተኝታ ወንዝ ትሻገር ነበር። ለእኔና ለጓደኛዬ ለስንዱ ከጎሚስታው አንዳንድ ያረጀ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ለምና አመጣችልንና ነፋችው፤ መሀል መሀሉን በገመድ ብታስረው እንደ ትራስ ረዘመ። ፀሐይ ያሞቀው ጎማ ሽታ ከእርጥብ ሣር ሽታ ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ውሃው ዝም ብሎ ከሚተኛበት፣ ከጉልበት ከማያልፈው ዳር ላይ ታለማምደን ጀመር። እኔ ቶሎ ልድረስ ብዬ ውሃውን ስደበድበው ዋልኩ። በማግሥቱ እንስራ ማንሣት አቃተኝ።

«አንች፣ ውሃው ምን በደለሽ? ገብስ መሰለሽ የምትወቂው?» አለችኝ አክስቴ።

«እትዬ፣ ትከሻዬን አመመኝ እኮ።»

«ብቻውን ስታሠሪው ምን ያድርግ! ወገብሽም ይርዳው እንጂ። ቀኝ እጅሽ ሲሄድ ሰውነትሽ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ግራሽ ሲሄድ ወደ ግራ። እጅሽን ከፊትሽ ቀስ አርገሽ አስገቢና ውሃውን እስከ ዳሌሽ ሸኚው። ጣትሽንም አታክርሪ።»

ስንዱ ቶሎ ገባት። እኔን «እንቁራሪት» እያለች ስታበሽቀኝ ሰነበተች። እኔም እያደር ለመድኩት፤ ሕመሙም ተወኝ።

የነቀላው ዕለት ተሻገርን። እየዘፈንን፣ እየተሯሯጥን፣ እግራችን ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ነቀልን። መመለሻ ላይ ስንዱ እፍኝ ያህሉን መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረገች። እኔ አንድ ሸክም ነቅያለሁና እንደ እንጨት ጀርባዬ ላይ አድርጌ ገመዱን በደረቴ አዙሬ አሰርኩት። ሸክም ከጀርባ ሌላ የት ይታሰራል? ውሃው መሀል ስደርስ ገመዱ ትከሻዬን ጠፍሮ ያዘው። ክንዴ አልዘረጋ አለኝ። እርጥቡ ሣር ከላይ ተጭኖ ፊቴን ውሃ ውስጥ ይነክረኛል፤ ካላማዳሪያው ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ።

«ፍችና ጣይው! ሣር ነው እኮ!» ትጮኻለች ቀድማኝ የወጣችው ስንዱ። ዛሬ እናት ሆኜ ሳስበው እኔም ብሆን የምጮኸው እንደሷ ነበር። ዳር ሆና ስትጠብቀን የነበረችው አክስቴ ግን ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ውሃ ገብታ፣ «ፍችው! ፍችና ከደረትሽ ሥር አርጊው!» አለች። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ሸክሙን ጎትቼ ደረቴ ሥር ወሸቅኩት። ወዲያው ደረቴ ከፍ አለ፣ ፊቴ ከውሃው ወጣ፤ ክንዶቼም ተፈቱ። ቀኝ ዘንበል፣ ግራ ዘንበል እያልኩ ውሃውን እስከ ዳሌዬ ሸኘሁት። አክስቴ ካላማዳሪያውን ይዛ ወደ ዳር ጎተተችኝ። «አይ የኔ እንቁራሪት! ትራስሽን አዝለሽ ትሰጥሚ?» አለችኝ። ሦስታችንም ዳር ላይ ተዘርግተን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

በአዲስ ዓመት ጠዋት አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። እንግጫው ገና አልደረቀም ነበር፤ ሳስርለት ውሃው በማጅራቱ ወረደ። «ኧረ ይቺ ልጅ ወንዙን ከነነፍሱ አመጣችብኝ!» ብሎ ሲስቅ፣ ክረምቱን ሙሉ ያልሰማሁት የድሮ ሳቁ ነበር። ግንባሬን ሳመኝ።

አሁን ወንዙ ላይ ድልድይ አለ። ረግረጉም አብዛኛው ታርሶ፣ እንግጫው ጥግ ጥጉን ብቻ ቀርቷል። እኔና ልጄ በየዓመቱ ጳጉሜን ከምንኖርበት ከማርቆስ ወርደን እንነቅላለን። ስንዝር ከማይሞላ ኩሬ አጠገብ ሳያት እንኳ የምደነግጥ እናት ሆኛለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ ውሃው ከሥራችን ሲያጓራ፣ እጇን ጭምድድ አድርጌ እይዛለሁ።

«እማ፣ ክንዴን ገነጠልሽው እኮ!»

ላላ አደርግላታለሁ። አልለቃትም።