ከመቶ ሰባ አራት

ዝላትካን ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቁጥብ ሴት አድርጎ ነው። ሞኝህን ፈልግ! እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ ስትበሽቅ በሩሲያኛ እንደምትሳደብ፣ ሲጨንቃት የእርሳስ ጫፍ እንደምትበላ አውቃለሁ። ባለፈው መስከረም አንድ ሳምንት ሙሉ እርሳስ ስትበላ ነበር የከረመችው።

ሥራችን የአውራጃው አውቶቡስ ሾፌሮች ማን መቼ እንደሚነዳ የሚደለድል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እዚሁ ሩሴ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ካለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዝላትካና ሊዩበን ይጽፋሉ፣ እኔ የጻፉትን እየሞከርኩ ስህተት እለቅማለሁ። በኛ ቤት አንድ ልማድ አለ። የፕሮግራሙ እያንዳንዱ ቁራጭ፣ ፈንክሽን የሚሉት፣ የጻፈው ሰው ስም ይለጠፍበታል። ያስጀመሩት ሟቹ አለቃችን ናቸው፤ «ያበላሸ በስሙ ይጠራ» ይሉ ነበር። ያኔ ስቀንበት አልፈናል።

ከዚያ ካሊን የሚባል አዲስ አለቃ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ድሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ የነበረው ድልድል ሁለት ሰዓት መፍጀት ጀምሯል፣ የስምሪት ክፍል ሰዎች ይጮሃሉ፣ የድርጅቱ ባለቤቶች ደግሞ ከዋና ከተማው ከሶፊያ ሆነው ከሁለቱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዱ ይቀነስ ብለዋል። ካሊን ሁለቱንም ነገር በአንድ ድንጋይ ሊመታ ፈለገ።

«ፕሮግራሙን የሚያጓትተው የማን ፈንክሽን እንደሆነ ይታያል፣ ባለቤቱ ይሄዳል» አለን ሰኞ ጠዋት ቆሞ። «ወይዘሮ ዝላትካ፣ ጊዜው የት የት እንደሚጠፋ በየፈንክሽኑ ከፋፍለው እስከ ዓርብ ያምጡልኝ።»

«አለቃ፣ ሰው በስቶፕ ዎች ነው እንዴ የሚባረረው?» አለ ሊዩበን።

«ያለ ማስረጃ ከማባረር ይሻላል» አለና ወጣ።

ዝላትካ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለጡረታ ሃያ ወር ይቀራታል። ባሏ ዶብሪ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ስድስት ዓመት ሆነው፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቶ እሷን ይጠብቃል። በዚህ ዕድሜዋ ከዚህ ወንበር ብትነሳ ማን ይቀጥራታል? ማንም። ይሄን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። ሊዩበን ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ነው። ዶብሪ የወደቀ ቀን አምቡላንሱ ሲዘገይ ያንን ትልቅ ሰውዬ አዝሎ አራት ፎቅ ያወረደው እሱ ነው። ወገቡ እስከ ዛሬ ያመዋል።

ማክሰኞ መለኪያውን አስኬደች። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ወጣ፦ ሊዩበን ከመቶ ሰማንያ አንድ።

«ደስ አለኝ» አለችኝ በኋላ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።»

ግን ዝላትካ ሥራዋን ታውቃለች። ያ ሠንጠረዥ የተጠሪውን ጊዜ ሁሉ በጠሪው ላይ ይጭናል። አንዱ ሌላውን ዳቦ ግዛልኝ ብሎ ልኮ በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ የጠበቀበት ሰዓት በላኪው ስም ተጻፈ ማለት ነው። የሊዩበን ፈንክሽን ሾፌሮቹን ይደለድላል፤ ለእያንዳንዱ ሾፌር ግን እረፍቱን ጨርሷል ወይ ብሎ ሌላ ፈንክሽን ይጠይቃል። ያ የሚጠየቀው የዝላትካ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጊዜ ብቻ እንዲሸከም አድርጋ እንደገና ከፋፈለችው። ሊዩበን ከመቶ አራት። ዝላትካ ከመቶ ሰባ አራት።

ክው አለች። ከፍታ ብታየው የገዛ ጥፋቷ ነው፤ ፈንክሽኗ ስለ አንድ ሾፌር በተጠየቀ ቁጥር የሁሉንም መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያነባል። የጻፈችው ዶብሪ በወደቀበት ክረምት፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆና ነው። ያኔ ሾፌሮቹ አርባ ነበሩ። አሁን ዘጠኝ መቶ ናቸው።

የሁለት ቀን ጥገና ነው። ግን ማን ምን እንደነካ በስምና በቀን ይመዘገባል፤ እሷ ነክታው ቢፈጥን ካሊን ወዲያው ያየዋል። ረቡዕና ሐሙስ ምሳዋን አልበላችም። እኔ ዶብሪ ባሰበት እንዴ ብዬ ነበር።

ዓርብ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሰጠችው።

«ሰማንያ አንድ!» አለ ካሊን። ወረቀቱን ለሊዩበን አቀበለው። ሊዩበን በእግር ኳስ ኦፍሳይድ ብቻ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ አየው። ከዚያ ዝላትካን አያት። እሷ አንገቷን ደፋች።

«ወረቀቱ ይህን ካለ እንግዲህ ምን እላለሁ» ብሎ ሊያጨስ ወጣ።

በኛ አገር የሚሄደው ነው የሚጋብዘው። በመጨረሻው ቀኑ ሊዩበን ሚስቱ የጋገረችውን የአይብ ባኒጻና አንድ ጠርሙስ ራኪያ አረቄ ይዞ መጣ፣ ቀለደ፣ ካሊንን ሳይቀር ጨበጠ። እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብርጭቆ ሳጥብ ዝላትካ ተከትላው ወጣች።

«ሉቦ፣ አንድ ነገር ልነግርህ...»

«ተይው ዝላቴ።»

«አይ ስማኝ፣ ያ ሠንጠረዥ...»

«ሰኞውኑ ከፋፍዬዋለሁ እኮ። ካንቺ በፊት። ሰባ አራትሽን አይቼዋለሁ።»

ውሃውን ዘጋሁት።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ» አለ ኮቱን እየለበሰ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር። «ዶብሪን ሰላም በይልኝ። እና አስተካክይው እንግዲህ፣ ሾፌሮቹ ምን አደረጉ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም የነገረችኝ ያኔ ነው። ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አይደለሽም? ሰውዬው ገና ከግቢው አልወጣም፣ ሂጂና ለካሊን ንገሪው!» አልኳት።

«ዶብሪንስ ማን ያበላዋል? አንቺ?»

እኔ ራሴ ገብቼ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም፤ ስለዚህ እሷ ላይ ብቻ መፍረድ አይሆንልኝም፣ ያቃጥለኛል እንጂ።

ይኸው አምስት ወር ሆነ። ሊዩበን ከሚስቱ ወንድም ጋር የመኪና ጎማ ይቀይራል አሉ፣ በዚያ ወገቡ። ድልድሉ ዛሬም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ዝላትካ አላስተካከለችውም። እንዴት ብላ? የሷን ነክታ ፕሮግራሙ የፈጠነ ዕለት ሊዩበን በሐሰት እንደወጣ አገር ያውቃል። ስለዚህ በሁለት ቀን የሚጠገን ነገር ፊት በየቀኑ ስምንት ሰዓት ትቀመጣለች። ጡረታዋ እስኪደርስ አሥራ አምስት ወር ቀርቷታል። ካሊን ደግሞ ወዷታል፤ ባለፈው «ከጡረታ በኋላም አንለቅዎትም፣ ከእርስዎ ሌላ ይሄን የሚያውቅ የለም» አላት። እኔ እየሰማሁ አንገቷ ሲቀላ አየሁ።

ትናንት የስምሪት ክፍሏ ሴትዮ ደወለች። ድምጿ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። «ያ ሰነፍ ሰውዬ ተባሮም ነው ድልድሉ የማይፈጥነው? ምን ዓይነት ጉድ ጽፎ ነው የሄደው?»

ዝላትካ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። አፏን ከፈተች፤ አሁን ልትናገር ነው ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አዎ» አለች። «የሱ ጣጣ ቶሎ አይጠራም። ታገሡን።»