አፌን ይዤ መርካቶ ዞርኩ

ሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ኮልፌ

ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ የታክሲው ሰልፍ ግን አጥሩን ዞሮ ጨርሷል። ከፊቴ ካለው ሰው ሁለት እርምጃ ርቄ፣ አፌን በሹራቤ አንገት ሸፍኜ ቆሜያለሁ። ብርዱን ፈርቼ አይደለም።

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ላይ አጎንብሼ ኖሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ስሩርን ጢማቸውን እየላጨኋቸው ነበር። ጋሽ ስሩር መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እንዲህ አሉኝ፦

«ተሾመ፣ ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ። አፍህ ይሸታል።»

ምላጩን አነሳሁ። ግማሹ ጢማቸው አልተነካም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል። ሰዉ ወደዚያኛው ወንበር የሚሄደው ለምን ይመስልሃል?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደንበኞቼ ወደ ባልደረባዬ የሚሄዱት እጁ ፈጣን ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። የሱቁ ባለቤት በዚያው ሰሞን «በዚህ ከቀጠለ አንድ ወንበር ይበቃናል» ብሎ ነበር። የትኛው እንደሚቀር አልጠየቅኩትም።

የቀረውን ጢም ትንፋሼን ውጬ ጨረስኩ። ጋሽ ስሩር ሲወጡ «ሰኞ እረፍትህ ነው። መሳለሚያ ጠብቀኝ፤ መድኃኒቱን አብረን እንፈልጋለን» አሉኝ።

1 ሰዓት ተኩል፣ መሳለሚያ

ታክሲው ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ ወደ ውጭ እየተነፈስኩ መጣሁ። ጋሽ ስሩር ኮፍያቸውን አድርገው፣ የጋዜጣ ጥቅል በብብታቸው ይዘው ደርሰዋል። ሰላምታ ሳንጨርስ ደንቡን ነገሩኝ።

«ያገኘነውን ሁሉ እንሞክራለን። ከእያንዳንዱ በኋላ ‹ሃ› ትለኛለህ፤ እኔ ከአሥር እሰጥሃለሁ።»

«አሥር ጥሩ ነው?»

«አሥር የሞተ አይጥ ነው።»

እዚያው መንገድ ዳር ሃ አልኳቸው። አፍንጫቸውን አስጠግተው ጥቂት አሰቡ።

«ዘጠኝ።»

ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው «ዘወር!» ብሎ በመሀላችን አለፈ። ተከትለነው ገባን።

3 ሰዓት፣ ቅመም ተራ

በርበሬ፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፤ ጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። እትዬ ከድጃ የሚባሉ ነጋዴ ጋሽ ስሩር ችግሬን ሲያስረዷቸው የእጃቸውን በርበሬ እያራገፉ አዳመጡ። ጎረቤት ያሉት ሦስት ነጋዴዎችም አዳመጡ።

«ሆድ ነው» አሉ እትዬ ከድጃ። «ቅርንፉድ ጉንጭህ ውስጥ ያዝ። አታኝከው፤ ያዘው ብቻ።»

ያዝኩት። ምላሴ እንደ እሳት ነደደ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሃ አልኩ።

«ስምንት።»

«እኔ ግን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ነው የሚሸተኝ» አልኳቸው።

«ከሥሩ ያለው አልተነካም» አሉ ጋሽ ስሩር፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

መስጊዱ አጠገብ መፋቂያ የሚሸጥ ሽማግሌ አገኘን። ከእንጨቶቹ ለስላሳውን መርጦ፣ ጫፉን አኝኬ እንደ ብሩሽ እንድበትነው አሳየኝ። ጥርሴን ፍቄ ስተፋ ምራቄ ቀይ ነበር። ሽማግሌው ምራቁን አይቶ ወደ ጥርሴ ጎንበስ አለ። ጋሽ ስሩር ግን «ሰባት» አሉ። ደስ ብሎኝ ሁለት ተጨማሪ እንጨት ገዛሁ።

5 ሰዓት፣ ሶማሌ ተራ

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ከድር የጋሽ ስሩር የወንድም ልጅ ነው። ካንዴላና ፍሬን ሸራ በተደረደረበት ሱቁ ወንበር ሰጥቶ፣ የእጅ ባትሪ አብርቶ አፌን አየ።

«ይሄ ራዲያተር ነው» አለ። «ዝጓል። ውሃ ብቻ አያጥበውም።»

ከፋርማሲ የተገዛ ሰማያዊ መጉመጥመጫ ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ተጉመጠመጥኩ። አፌ በረዶ ሆነ፤ ዳግም የተወለድኩ መሰለኝ።

«ስድስት» አሉ ጋሽ ስሩር።

እዚያው ሻይ ጠጥተን፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተን ደገምን።

«ስምንት።»

«ጨመረ እኮ!»

«ተመልሶ መጣ። እንግዲህ የቀረን የጥርስ ሐኪም ነው።»

የጥርስ ሐኪም እፈራለሁ። በልጅነቴ አንድ ጥርሴ ሲነቀል ሦስት ሰው ይዞኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ስሩር ክንዴን ያዙ። «አንድ ሰው ይበቃሃል» አሉና ይዘውኝ ሄዱ።

7 ሰዓት ተኩል፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ

ክሊኒኩ ጫማ መሸጫ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት ሰው ጉንጩን ይዞ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ተራችንን ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት መቃጠል ጀመረ። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ኮሪደሩን ሞላው፤ ጉንጩን የያዘው ሁሉ ብድግ አለ። ነርሷ ሮጣ ቆጣሪውን አጠፋች።

ጋሽ ስሩር ጋዜጣቸውን እያነበቡ ነው።

«ጋሼ፣ አይሸትዎትም?»

«ምኑ?»

«የተቃጠለው!»

ጋዜጣውን ቀስ ብለው አጠፉት። «ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አሉ።

«ታዲያ ዘጠኙ? ሰባቱስ?»

«በግምት ነው።»

«ታዲያ አፌ እንደሚሸት ማን ነገረዎት?»

«ባለቤትህ። ጽጌ። መጋረጃ ልትገዛ ሱቄ መጥታ አለቀሰች። ‹እኔ ብነግረው ይሰበራል፤ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት› አለችኝ። ሐኪም ቤት በቀጥታ ና ብልህ ደግሞ እንደማትመጣ አውቃለሁ።»

ልቆጣ ፈለግኩ። ግን ነርሷ ስሜን ጠራች።

ዶክተሯ ወጣት ናት። «ሆዴ ነው አይደል?» አልኳት።

«እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ ሆዴ ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከአፍ ነው።» በመስታወት አሳየችኝ፤ ድዴ ሥር ጠጥሮ ድንጋይ የሆነ ቆሻሻ፣ ነጭ የለበሰ ምላስ፣ ጥግ ላይ አንድ የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርስ።

«ቅርንፉዱስ?»

«ይሸፍናል።»

«መጉመጥመጫውስ?»

«እሱም ለጊዜው ይሸፍናል። መፋቂያው ጥሩ ነበር፤ ግን ድድ ሥር ያለውን አያነሳም። ምላስዎን ይቦርሻሉ?»

ምላስ እንደሚቦረሽ አርባ አራት ዓመት ሙሉ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አደንዝዛ መንጋጋውን ነቀለችው፤ የግራውን ወገንም ጠረገችው። የቀኙ ለሚቀጥለው ሰኞ ተቀጠረ። ድዱ እስኪድን ጥቂት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ጋሽ ስሩር እስከ መጨረሻው ክንዴን አለቀቁም። ስንወጣ ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ አፌ አይታዘዝም ነበር።

11 ሰዓት፣ ቤት

ጽጌ ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ያበጠውን ጉንጬን ስታይ ሳህኑን አስቀመጠች። የት እንደዋልኩ ገብቷታል።

«ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት በግማሽ አፌ።

«ነግሬሃለሁ።»

«መቼ?»

«ብዙ ጊዜ። ተኝተህ ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት፤ ድዱን፣ ምላሱን፣ የሚቀጥለውን ሰኞ። ከንፈሬ ስለደነዘዘ ግማሹ ቃል በምራቅ ወጣ። ጽጌ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳበች፣ ጆሮዋን አስጠጋችና፦

«አልገባኝም» አለች። «ድገመው።»