ባዶው ሳጥንና የቦኖው ድንጋይ

አርባ ምንጮች አሉት በሚባል ከተማ እየኖርን፣ ለአንዲት የቦኖ ቧንቧ እንሰለፍ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር። ሁሉም በማለዳ ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይሰለፍለታል። የማን ድንጋይ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። የእኔ የመጅ ስባሪ ነበር፤ የጎረቤቴ ቀይ ድንጋይ።

ይህች ጎረቤቴ የጨንቻ ልጅ ናት። ባሏ ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ እንደሄደ ወለደች። አራስ ናትና ድንጋይዋን እኔ አስቀምጥላታለሁ፤ ተራዋ ሲደርስ ጀሪካኗን እሞላላታለሁ።

ከዚያ አዲስ የቦኖ ጠባቂ ተሾመ። የሹመቱ መጀመሪያ ድንጋዮቹን ማባረር ሆነ።

«ድንጋይ ውሃ አይጠማውም» አለ። «ሰው ካልቆመ ተራ የለም። ለአንድ ሰው አንድ ጀሪካን።»

«አራስ እንዴት አድርጋ ትቁም?»

«ከራስዎ ያካፍሏታ፣ እማማ። ጽድቅ ነው።»

«ጽድቁን ለራስህ አድርገው! የእኔን ውሃ ብሰጣት ምጽዋት ነው። ተራዋ ግን የራሷ ነው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጠባቂው ቀዩን ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። ያን ቀን እኔና አራሷ አንድ ጀሪካን ተካፍለን ዋልን።

ግቢዬ ውስጥ ተከራይ ነበረኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ ውሃ ከየትና እንዴት እንደሚመጣ የሚያስተምር ህንዳዊ። ስለ ውሃ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ እንደኛው በጣሳ ይታጠብ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሁለት ወረቀቶች ዘርግቶ አገኘሁት፤ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈሉ፣ ልክ በልጅነቴ እንደቆጠርኩት የፊደል ገበታ።

«የሀገርህ ሀ ሁ ነው?»

«አዎ እማማ፣ የሂንዲ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህች ‹ካ› ናት። ቁጥሯ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ አምስት። ሌላ ፊደል ይህን ቁጥር አይነካም።»

ሁለተኛው ወረቀት የሚስቱ ቋንቋ ነበር፣ ታሚል። እዚያ ላይ ከ‹ካ› ቀጥለው ሦስት ሳጥኖች ባዷቸውን ተቀምጠዋል።

«ይኼን አይጥ በላው?»

ሳቀና አስረዳኝ። በሂንዲ ከ‹ካ› ቀጥለው ሦስት ፊደሎች አሉ፤ ታሚል እነሱ የሉትም። ቢሆንም ቀጣዩ ፊደል ወደ ፊት አልተጠጋም። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፊደል ከፊደል እንዲገጥም፣ የሌሉት ቦታ ተጠብቋል።

«ባዶውን ማንም አይወስደው?»

«ማንም።»

«የኛስ ሀ ቁጥሯ ስንት ነው?»

አንገቱን ሰበር አደረገ። «የእናንተ ገና ወረፋ ላይ ናት፣ እማማ።»

በማግስቱ ወረቀቶቹን ተውሼ ቦኖው ጋ ሄድኩ። ጠባቂው አገላብጦ አያቸው። ያን ጽሑፍ እሱም ማንበብ አይችል፣ እኔም አልችል፤ በዚህ እኩል ነበርን።

«ምንድን ነው?»

«ከኮምፒውተር የወጣ ነው። በቦታው የሌለ ቢኖር ቦታው አይወሰድም ይላል። ባዶዎቹን እያቸው።»

«ኮምፒውተር ነው ያለው?»

«ታዲያ እኔ ነኝ?»

የእኔን ጩኸት ያልሰማ ሰው፣ ኮምፒውተር ሲባል ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ቀዩን ድንጋይ አወጣና በመዳፉ ጠርጎ ቦታው መለሰው።

ፍትሕ ግን አንዴ በር ከተከፈተላት ዘመዶቿን ይዛ ትገባለች። ብዙም ሳይቆይ አንዷ ለነፍሰ ጡር ልጇ ድንጋይ አስቀመጠች። አንዱ ወደ ላንቴ እርሻ ሙዝ ሊቆርጥ ለሄደ ወንድሙ፣ አንዱ ገና ላላገባት ሚስቱ። ለራሳቸውም ይቀዳሉ፣ ለሌሉትም ይቀዳሉ። ጠባቂው ሁሉንም በአክብሮት ያሳልፋል።

«ሚስትህ የታለች?» አልኩት ያን ሰውዬ።

«እማማ፣ ኮምፒውተር የፈቀደውን እርስዎ ይከለክላሉ?»

እኔ እግር ያለው በእግሩ ይቁም ብዬ የመጇን ስባሪ ወደ ቤት መለስኳት። የአራሷን ድንጋይ በማለዳ አስቀምጬ፣ ውሃ ሲመጣ ስመለስ ከሁሉም ኋላ ነኝ።

አራሷ ልጇን ክርስትና ካስነሳች በኋላ በእግሯ መጣች። ከድንጋይዋ አጠገብ ቆማ ወደ ኋላ ስታይ አየችኝ።

«እማማ፣ ይምጡ በእኔ ቦታ ይቅዱ። እኔ ልጅ ነኝ፣ እቆያለሁ።»

«ቁሚ እዚያው!» ብዬ ጮህኩባት፤ ሰልፉ ሁሉ ዞረ። «እንድትለግሺኝ ነው እንዴ የተጣላሁልሽ?»

ጀሪካኗን ሞልታ ሄደች። ቧንቧው እኔ ጋ ሳይደርስ ተንጠባጥቦ ቆመ። ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ቤት ስደርስ፣ ደጃፌ ላይ አንድ ጆግ ውሃ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል።

ምጽዋት ነበር። ጠጣሁት።