ለምንጭ የተለቀሰ ለት

ያን ትያትር ያሰብኩት እኔው ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ደብረ ታቦር ባዮሎጂ ሳስተምር የትያትር ክበብ ነበረን። «ስለ አየር ንብረት ለውጥ አዳራሽ ውስጥ ምን ያስለፈልፈናል? የደረቀው ምንጭ ዳር ሄደን እናሳይ» አልኩ። ምንጩ ጉና ግርጌ፣ ያደግኩበት መንደር ያለው ነው። ገና በኅዳር ጭቃ ብቻ ቀርቶት ነበር።

የምናሳየውን ነገር የነገሩን አክስቴ ናቸው። የምንጭ ራስ እንደማይነካ፣ ድሮ ሳሙና ይዞ የሚጠጋ ሰው ይቀጣ እንደነበር፣ ኮሶውና አስታው ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ ውኃው እንደሸሸ አንድ በአንድ አስረዱን። በአገሩ የታወቁ አልቃሽም ናቸው። ለምንጩ ሙሾ እንዲያወርዱልን ስንለምናቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ ቆላ ወርዶ ሁለት ወር ድምፁ በጠፋበት፣ በደጄ ሙሾ? አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺብኝ!» አሉኝ። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄዶ ነበር።

እኔ ተማርኩ ባይዋ መች ሰማሁ! ከሳቸው አፍ እየለቀምኩ ያደግኩትን ዜማ ይዤ፣ ግጥሙን ራሴ ገጠምኩት። አክስቴ ለተዝካር ማዶ መንደር የሄዱበትን ቀን ጠብቄ ተማሪዎቹን ይዤ ወጣሁ።

የክበቡ ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ጭቃውን ከበብነው። እኔ ሳወርድ እነሱ እየተቀበሉኝ ደረታችንን ደቃን። በዚያ አገር ድምፅ ከማዶ ማዶ ይሰማል። የአገሩ ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት ዘነጋሁት? ቀና ስል አክስቴ መቀነታቸው ተፈትቶ እየተጎተተ ከማዶ ወደኛ ሲሮጡ አየሁ።

«ማን ነው?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ማንም አልሞተም እኮ! ትያትር ነው!»

የተዘቀዘቀ ነጠላዬን አዩት። የሌሎቹንም አዩ። «ትያትር» አሉ ቀስ ብለው።

ያኔ ነው ፍርሃት የያዘኝ። በኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። ዘመድ ይሰባሰባል፣ ሰበብ ይፈጠራል፣ «ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው» ይባላል። «ማንም አልሞተም» ማለት ራሱ የመርዶ መጀመሪያ ነው። እኔ በማልኩ ቁጥር እሳቸው የልጃቸውን ሞት ይበልጥ አመኑ። እንዳይወድቁ ብለን ግራና ቀኝ ብብታቸውን ያዝናቸው፤ ይኼ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ እንዲያ የሚያዝ ሐዘንተኛ ነው። የልጃቸውን ስም እየጠሩ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ወይ ጉድ! ቁጭ ብለው ሲመለከቱ የነበሩት ተማሪዎች ትያትሩ የቀጠለ መስሏቸው አጨበጨቡ።

«በማርያም ይመኑኝ፣ ደህና ነው!» እላለሁ። ደህና መሆኑን በምን አውቄ?

ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ እየደገፍን አወጣናቸው። ሁለት ወር ዝግ ወደነበረው የልጃቸው ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ግን አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። በአፌ ገድዬው ቢሆንስ? የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ! ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት፤ ምን ልዋሽ። ሦስተኛውም ሳይነሳ ሲቀር አክስቴ ጩኸታቸውን አቁመው ፊቴን ብቻ ያዩ ነበር። ፊቴ ላይ ያነበቡት ነገር ከመሐላዬ ሁሉ የበለጠ አሳመናቸው መሰለኝ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

በአራተኛው ተነሳ።

«ምነው እንዲህ ደጋግማችሁ የደወላችሁት? ማን ሞተ?» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እምዬ ናት? አትደብቂኝ፣ እምዬ ናት?»

ስልኩን አክስቴ ጆሮ ላይ አደረግሁት።

«አለሁ» አሉት እያለቀሱ። «አለሁ ልጄ።»

እሱም አላመነም። «ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሱት?» ሲል እኔም ጋ ተሰማኝ።

አክስቴ ቁልቁል ጭቃውን አዩት። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ለምንጩ ነው» አሉት።

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው ሲሞት እንደሚጠየቀው፣ «መቼ?» አላቸው።