ለጥርሴ የቆመው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በሀዲያ ሆመቾ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን አያቴ ኤርጊቾ ነበሩ። ያኔ መብራት ወደ እኛ መንደር ገና አልገባም፤ ኩራዙ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ጭሱን ወደ ሳር ክዳኑ ይለቃል፣ ፍሙ ምድጃው ውስጥ ቀስ በቀስ አመድ ይለብሳል፣ ከደጅ የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ሲንኳኳ ይሰማል፤ እኛም አያቴ እግር ሥር ተኮልኩለን አፍ አፋቸውን እናያለን። ተረቱ በሀዲይኛ ነበር። የሚሰማ ልጅ በየመሃሉ «እሺ» እያለ ካልተቀበለ አያቴ አይቀጥሉም። ወሬ ወዳድ ስለነበርኩ መቀበሉ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ቦታዬንም ለማንም አልለቅም ነበር።

በአንድ ክረምት ግን ጥርሴ አስቸገረኝ። በስተቀኝ በኩል ያለው ትልቁ መንጋጋዬ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያንዘረዝረኛል። በእኛ ቤት ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ብርድ ገብቶት ነው» ይባልና ይረሳል። አክስቴ አማረች ጤና አዳም ጣል ያደረገችበትን ቅቤ አሙቃ አፌን ትሞላውና ሳልውጥ በጉንጬ ይዤ እንድቀመጥ ታዘኛለች። ለብርድ መድኃኒቱ ሙቀት ነው ብላ ከልቧ ታምን ነበር፤ እናቷም ለእሷ እንዲሁ ያደርጉላት ነበርና። ቅቤው ከውሃው ይልቅ እንደሚያመኝ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በገበያ ቀን ጥርስ በጉጠት የሚነቅል ሰው ነበረ፤ የጎረቤታችን ልጅ ከእሱ ዘንድ ስትመለስ አይቻታለሁና፣ ከተናገርኩ ወደዚያ የሚወስዱኝ መሰለኝ።

አንድ ምሽት አያቴ የጅብና የፍየል ተረት ጀመሩ። አፌ በቅቤ ስለተሞላ የምቀበለው በአፍንጫዬ ነበር፤ ወንድሞቼ ይስቁብኛል። ጅቡ ወንዝ ዳር ሲደርስ ድምፄ ጨርሶ ጠፋ። ቅቤውን አመዱ ላይ ተፍቼ ጉንጬን ይዤ አጎነበስኩ። አያቴ አልተቆጡም፤ ወደ እሳቸው ሳብ አድርገውኝ፣ ውሃው ነው ወይስ ቅቤው የባሰብሽ ብለው ጠየቁኝ። ቅቤው አልኳቸው። አክስቴ ደነገጠች፤ ቅቤ ጥርስ ሲያሳምም ሰምታ አታውቅም።

አያቴ ሕመሙ እስኪበርድልኝ ጠብቀው ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ።

«በዚያው ጥርስ በኩል ያዢና ዋጪው። እኔ ተረቴን እቀጥላለሁ፤ ሕመሙ ሲለቅሽ እሺ በይኝ።»

ዋጥኩት። ጅቡ ወንዙን ተሻገረ። ፍየሏን አገኛት፣ ተከራከሩ፣ ሸነገለችው፣ ቋጥኙ ላይ ወጣችበት፣ እሱም ከታች ሆኖ ይለምናት ጀመር። ወንድሞቼ መሳቃቸውን ትተው እኔን ያያሉ። እንባዬ ይወርዳል። ተረቱ እንዳይቋረጥ «እሺ» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። አያቴ ፍየሏን ቋጥኙ ላይ እንዳለች ትተው ተረቱን አቆሙ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«ቶሎ ቢለቃት ብርድ ነው እል ነበር። ይሄ አልለቅ አለ፤ ሙቅም ያማታል። ነገ ሆሳዕና ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ላይ የነበረው ጉጠቱ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ አያቴ በተሰባበረ አማርኛቸው ያዩትን ሁሉ ለጥርስ ሐኪሙ ነገሩት። ሐኪሙ አፌን በትንሽ መስታወት አየና ቀዳዳው ከላይ ጠባብ ይምሰል እንጂ ወደ ውስጥ ገብቷል አለን። ቀዝቃዛ ሲነካው ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚተው ጥርስም ቢሆን፣ ከተደጋገመ መታየቱ አይከፋም፤ ሕመሙ ከቆየ፣ በሙቅም ከተነሳ፣ አንዱን ጥርስ ብቻ ለይቶ ከያዘ ግን ማዘግየት አይገባም ብሎ አስረዳን። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ የሚቀረው መንቀል ብቻ ነበር። አደንዝዞ ያጸዳው ጀመር፤ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ጥርሴ ተሞልቶ ዳነ።

በመጀመሪያው ቀን ስንመለስ ግማሽ ፊቴ እንደደነዘዘ አያቴ ላይ ተደግፌ ነበር። ከጎናቸው ሆኜ ሳያቸው በግራ በኩል አንድም ጥርስ እንደሌላቸው ልብ አልኩ። ምን ሆነው ነው አልኳቸው። ልጅ ሳሉ እንደ እኔው መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎም ሙቅ ነገር ያማቸው እንደነበር፣ ቤተሰቡም ቅቤ ሲያሲዛቸው ከርሞ ጥርሶቹ አንድ በአንድ እንደተነቀሉ፣ ሳይማረሩ ነገሩኝ።

«ታዲያ ሕመሙ እንደማይለቅዎት ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ» አሉ።

ያ መንጋጋ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ፤ እሳቸው ግን የሉም። ከተረቶቻቸው አብዛኞቹን ረስቻለሁ፣ ይሄም ያሳዝነኛል። ሰው ያልተደረገለትን ለሌላ ማድረግ ከየት እንደሚያመጣው ግን አሁንም አላውቅም። እሳቸው የልጅነት ሕመማቸውን የጠየቃቸው ሰው ሳይኖር አድገው፣ የእኔን ግን ጠየቁ፤ መልሴንም እስክሰጥ ጠበቁ። አያቴን ባሰብኩ ቁጥር የማመሰግናቸው ስለዚያ መጠበቃቸው ነው።