ቅሬ የማን ነህ አይልም

ቅዱሳን፣ ዛሬ ልመስክር ብዬ የቆምኩት ጌታ ለእኔና ለባለቤቴ ለእንጉዳይ ያደረገው ነገር ዝም ተብሎ የሚቀመጥ ስላልሆነ ነው። መጋቢው አጠር አድርግ ብለውኛል። እሞክራለሁ፤ ግን እኔ ሳወራ ሰዓት ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ እናንተ የምታውቁኝ እዚህ ወልድያ ከመጣሁ ወዲህ ነውና። ደምሴ እባላለሁ። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ተወልጄ እዚያው ሸበትኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። በቀበሌያችን በጣት የሚነካውን ስልክ መጀመሪያ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሐራ ገበያ ድረስ ስልኩ የተዘጋበት ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ከሁሉም በላይ የቅሬያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ከሌላ አገር የመጣችሁ እድር የምትሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። የሞተውን ይቀብራል፤ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ያደርሳል። ከቅሬ የወጣ ከሰው ተራ ወጣ። ጌታን የተቀበሉትን ግን፣ አናጢውን መስፍንንና ጥቂት ወንድሞቹን ማለቴ ነው፣ ቅሬው "ሃይማኖታችሁን አናውቀውም" ብሎ አላስገባቸውም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የደረሰብንን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ታጣቂዎቹ ካካባቢያችን ሲወጡ ሁለት ቁስለኞች አውድማችን ላይ ወድቀው ተገኙ። አንዱ ሞቷል። ሌላው ውሃ ውሃ ይላል። ሰው ከቦ ቆሞ "የማን ወገን ነው?" ይባባላል። የቅሬው ዳኛ አያ ይመር አብሮ አደጌ ነው፤ ሙስሊም ነው፣ ቃሉ የሚከበር ሽማግሌ። ዱላውን መሬት ላይ መታና፣ "ቅሬ የማን ነህ አይልም። አንሱት" አለ። የሞተውን ቀበርን፤ በሕይወት ያለውን ተሸክመን መርሳ አደረስነው። ወገኖቼ፣ ያን ቀን በቅሬዬ ኮርቻለሁ።

በጦርነቱ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ጠፋ። ምጥ የያዛቸው ሴቶች ቃሬዛ ላይ እንዳሉ መንገድ ላይ መውለድ ጀመሩ። የወለደችም፣ የሞተችም አለች። ስልክ ሲመለስ ቅሬውን ሰበሰብኩና፣ "አልጋ ያለው ባጃጅ እንግዛ፤ ገንዘቡን ከኢንተርኔት አመጣለሁ" አልኩ።

"ከየት?" አለ አያ ይመር።

"ከዓለም።"

"ዓለም የእኛን ቅሬ የት ያውቀዋል?"

"እኔን ያውቀኝና በእኔ በኩል ያውቀዋል" አልኩት። ሰው ሳቀ።

ወንድሞች፣ እኔ ሥራ ስይዝ ከሥሩ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ኢንተርኔት ላይ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ገጽ በድርጅት ስም መክፈት ነበር፤ ያ የበጎ አድራጎት ምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል። ለምዝገባ ወልድያ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ወጣቱ ሹም፣ "አባት፣ ኦዲተራችሁ ማን ነው?" አለኝ። "እግዜር ነው" አልኩት። "እሱ ማህተም የለውም" አለኝ። ሁለተኛው መንገድ በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር መግባት ነበር። አንድ ድርጅት አገኘሁ፤ ከሚመጣው ላይ ድርሻ ሊወስድ፣ በባጃጁም ላይ የራሱን ስም ሊጽፍ ፈለገ። ተውኩት። ሦስተኛው መንገድ ውጭ አገር ያለ ሰው በግል ስሙ ገጽ ከፍቶ ገንዘቡን በራሱ ባንክ እንዲቀበል ነበር፤ እነዚያ ገጾች ወደ አገራችን ባንክ በቀጥታ አይልኩም። የእህቴ ልጅ ጌትነት ኖርዌይ ነው፤ እሱ ከፈተው። ጽሑፉን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብበው ያለቀሱ ፈረንጆች አሉ። ገንዘቡም ተጠራቀመ፤ ባጃጁ ሊገዛ ትንሽ ቀረ።

ከዚያ የገጹ ባለቤቶች ጥያቄ ላኩ። ከዚህ በፊት ምን ሠርታችኋል? ማንን ታገለግላላችሁ? ታጣቂ ታነሳላችሁ? ጌትነት ደወለ።

"አጎቴ፣ እባክዎን 'ሰላማዊ ሰው ብቻ' ይበሉና ይለፉት።"

"ያነሳነውን ሰው አላነሳንም ልበል?"

"አልተነሳም አይበሉ። ዝም ይበሉ እንጂ።"

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ቅሬ የማን ነህ አይልም፣ የወደቀውን ሁሉ እናነሳለን ብዬ፣ የቀበርነውንም ያዳንነውንም ጽፌ ላክሁ። እንጉዳይ ስትሰማ፣ "አንቱ ሰውዬ፣ እውነቱን እንደ ጠላ ለመጣው ሁሉ ይቀዳሉ" አለችኝ። ገጹ ተዘጋ። ገንዘቡ ወደየሰጪው ተመለሰ።

የመረረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፣ ቅዱሳን። ግማሹ ሰው "ደምሴ በላው" አለ። የጻፍኩት ደግሞ፣ እኔው ለጥቂት ሰው ልኬው ኖሮ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረና ጎረምሶቹ "የጠላት አምቡላንስ" የሚል ስም አወጡልኝ። ቅሬው ተሰበሰበ። ተነስቼ፣ "ያን ቃል የተናገረው አያ ይመር ነው፤ እኔ ጻፍኩት እንጂ አልፈጠርኩትም። ይመር፣ ንገራቸው" አልኩ። አያ ይመር ዓይኑን ከዱላው አላነሳም። ከቅሬ አወጡኝ። እሳት እንዳይጭሩልኝ፣ ሞቴንም እንዳይቀብሩ ተማማሉ።

ብዙም ሳይቆይ እንጉዳይ ከገበያ ስትመለስ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ወደቀች። ሆዷ ተነፋ፤ ታስመልሳለች። ወደ አያ ይመር ቤት ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ መሮጥ እችላለሁ። "ቃሬዛውን ስጠኝ፤ አራት ሰው ስጠኝ" አልኩት።

"ቅሬው ማለ፣ ደምሴ። ወላሂ እጄ ታስሯል" አለኝ።

"እጅህ ዱላ ይዞ አያለሁ" ብዬው ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ መስፍን ከወንድሞቹ ጋር ቆሟል። ማንም አልጠራውም፤ ጩኸት ሰምቶ መጣ። ቃሬዛ ስለሌላቸው የራሱን ቤት በር ከማጠፊያው ነቅሎ ይዟል። "አያ ደምሴ፣ ራሷን ደግፈው ይያዙ" አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቅሬው ያላስገባቸው ሰዎች ሚስቴን በበር ተሸክመው አስፋልት አደረሷት። ሰው በየደጁ ቆሞ ያየናል። አንድም ትከሻ አልተጨመረ።

ወልድያ ሐኪሙ አየና፣ "አንጀቷ ተጠማዟል፤ የሞተም ክፍል ሳይኖረው አይቀርም። እንከፍታለን፤ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም" አለ። እነመስፍን ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ጸለዩ። እኔ ቆምኩ፤ ስንበረከክ ሰው አይቶኝ አያውቅም ነበር። በኋላ አንድ ነገር መጣብኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዓለም ያወቀኝ እሱ ነው፤ እንጉዳይን ግን ያመጣት በር ነው። ያን በር የላከው ማን ነው አልኩ። ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ነህ፣ ሌላውማ ተሰብስቦ እንዳይረዳኝ ምሏል አልኩት። በዚያው ቦታ ተቀበልኩት፣ ስሙ ይባረክ።

ሐኪሙ ወጣና፣ "አባት፣ የሞተውን ቆርጠን ቀጥለነዋል። እንዲህ ቆይታ የመጣች ስትተርፍ ብዙ አላየሁም" አለኝ። ክብር ለጌታ ይሁን። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ወልድያ ቀረን። ይቺውላችሁ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ያሳጥሩ እያለች በእጇ ታሳየኛለች።

ወገኖቼ፣ ምሬቴ ተወስዷል ብዬ አልዋሽም። አያ ይመርን ሳስብ አፌን ይመረኛል፤ ጌታ እየሠራበት ነው። ግን እናንተ የምትታመኑበት ወረቀት ባይኖራችሁ፣ ቅሬያችሁ ቢያወጣችሁ፣ በዚህ ጌታ ታመኑ። እሱ የምዝገባ ወረቀት አይጠይቅም፤ የላከውንም መልሶ አይወስድም።

አሁን እሱ እየረዳኝ የሠራሁትን ተናግሬ ልቀመጥ። አራተኛውን መንገድ አገኘሁ፤ በእኔ፣ በመስፍንና በአንዲት ነርስ ስም፣ ያለ ሦስታችን ፊርማ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ከፈትኩ። ቴሌግራም ላይ ሰጪውን ሁሉ ሰበሰብኩ፤ እያንዳንዱን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ አሳየሁ። ገንዘባቸው የተመለሰላቸውን አንድ በአንድ ጽፌ ለመንኳቸው፤ ብዙዎቹ እንደገና ሰጡ። ያገለገለ ባጃጅ ገዛሁ፤ አልጋውን መስፍን ከዚያው በር እንጨት ሠራው። በእኛ ቀበሌ ሴት ቃሬዛ ላይ መውለድ ቀረ። ከቅሬ ያወጡኝ ሁሉ ተሳፍረውበታል፤ አንዱም አመሰግናለሁ አላለኝም። ባለፈው አያ ይመር ልቡን አሞት ተጫነበት። አልጋው ላይ ሆኖ፣ "ይሄ ባጃጅ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ባጃጁን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ሹፌሩን ምን እንደሚመልስ አስጠንቼው ነበር።

"አያ ይመር፣ ቅሬ የማን ነህ አይልም" አለው።