ለበግ የተመታ ደወል

እስቲ የዚህን ደወል ጠርዝ ተመልከቱት። ፈንጣጣ የበላው ፊት ይመስላል። ካህናቱ «እርጅና ነው» ይሏችኋል። ውሸት ነው፤ የመዶሻ ምት ነው።

ታምሲን ዓሣ በጨው እየደረደረች በርሜል የምትሞላ ሴት ነበረች። ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ በጋ የእኛ የኮርንዎል ሰው «ጸሎታችንን አትንኩብን» ብሎ በሕፃኑ የእንግሊዝ ንጉሥ በኤድዋርድ ላይ ተነሣ፤ ተሸነፈም። ከዚያ የንጉሡ ሹም ገመድ ጭኖ መጣ። ዐመፀኛውን የጠራው ደወል ነው ብሎ ከውስጥ የሚመታውን የደወላችንን ምላስ አስነቀለ። ከእንግዲህ የደወለ ይሰቀላል ተባለ።

የታምሲን ወንድም ዩዲ ከጦርነቱ እያነከሰ ሲመለስ ከዓሣ በርሜሎቹ ጀርባ ደበቀችው። ከዚያ የሞተ በግ በመግነዝ ጠቀለለችና «ወንድሜ በቁስሉ ሞተ» ብላ አስቀበረች። እውነቱን ለማንም አልነገረችም። መቃብሩን የቆፈረው ሽማግሌው ደዋይ ፓስኮ እንኳ አያውቅም፤ እያለቀሰ ነው አፈር የመለሰው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለወንድ ዘጠኝ፣ ለሴት ስድስት ይደወላል፤ ከዚያ ዕድሜው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እርሻ ላይ ያለው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይቆጥርና ማን እንደሄደ ያውቃል። ያልተደወለለት ሰው እንደ ከብት ተጣለ ማለት ነው።

ሹሙ ይህን ልማዳችንን ሰምቷል። በሦስተኛው ቀን ታምሲንን መቃብሩ አፋፍ ላይ አቆማት።

«ደወል አልሰማሁም» አላት።

«ምላሱን ወስዳችሁት በምን ይደወል?»

«ምላስስ ለአንቺ ተርፎሻል» አለና ወደ ወታደሮቹ ዞረ። «ቆፍሩት።»

አካፋው አፈሩን ነካ። አንድ ክንድ ተቆፈረ፤ ከዚያ ሁለት። የበጉ ቀንድ ሳይታይ ታምሲን ምን ብላ ታስቁማቸው?

ያን ጊዜ ደወሉ ጮኸ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ በመዶሻ የሚመታ ነው። ሕዝቡ ባለበት ተንበረከከ። ዘጠኝ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃያ ስድስት ላይ ቆመ።

ሹሙ እጁን አነሣ። «ተዉት» አለ። «ለውሸት አንገቱን የሚሰጥ ሰው የለም።»

ፓስኮን ከደወሉ ማማ ከነመዶሻው አወረዱት።

«ዐዋጁን አልሰማህም፣ ሽማግሌ?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ደወል አደንቁሮኛል፤ እሱን ግን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዩዲ ክርስትና ሲነሣም የደወልኩለት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ታገሥኩ፤ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።» ወደ ታምሲን ዞረ። «ሃያ ስድስት ነው አይደል፣ ልጄ? ተሳስቼ እንዳይሆን።»

በአንድ ቃል ሽማግሌውን ልታድነው ትችል ነበር። ያ ቃል ግን ወንድሟን ይሰቅለዋል። ሕዝቡ ያያታል፤ ሹሙም ያያታል።

«ሃያ ስድስት ነው፣ አባባ» አለች። «አልተሳሳትክም።»

ፓስኮ ደስ ብሎት ሄደ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰቀሉት።

ዩዲ በዓሣ ጀልባ ባሕር ተሻግሮ አገባ፤ ወለደ። በየመጠጥ ቤቱ ጀግንነቱን ሲያወራ አረጀ አሉ። ማን እንደደወለለት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ታምሲን ሠላሳ ስምንት ዓመት ዓሣ ደረደረች፤ ጨው እጇን በላው። የደወል ገመድ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። ስትሞት ነው ሁሉን የተናገረችው፤ «ለፓስኮ ሳይደወል ለእኔ እንዳትደውሉ» አለች። ቄሱ ለተሰቀለ አይደወልም ብሎ እንቢ አለ። እሷም ሳይደወልላት ተቀበረች። የንጉሡ ገመድ እንኳ በአንድ ቀን ነው የጨረሰው፤ የእኛ ካህናት ግን እስከ ዛሬ እንቢ እንዳሉ ናቸው።

ፓስኮ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚህ ካለፋችሁ መዶሻ ያዙ። ዘጠኝ፣ ከዚያ ሰባ አንድ። ማንንም አታስፈቅዱ። እባካችሁ ምቱለት፤ ስትጨርሱም ታምሲንንም ስድስቷን አትንፈጓት።